ያ በቾፕስቲክ ምግብ የሚነጣጠቁበት የጃኪ ቻን ፊልም፦ መጨረሻውን ያየ አለ?

መብራት_ሄደ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ የልጅ ቢመስልም ሃያ ምናምን ዓመት ሆዴ ውስጥ ቆይቷል። ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አንድ የጃኪ ቻን ፊልም ሁለት ጊዜ ከፍዬ ገብቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዋናው ድብድብ ሊጀመር ሲል መብራት ሄደ።

የማስታውሰውን ልንገራችሁ። ከአያቱ ጋር ገጠር የሚኖር፣ ቁማር የሚወድ ሰነፍ ልጅ ነው። የሬሳ ሳጥን መሸጫ ይቀጠርና አሠሪውን ሳጥን ውስጥ ዘግቶበት ይባረራል። ሴት መስሎ ለብሶ የሚደባደብበት ቦታም አለ። ከዚያ አንድ ፊቱ የማይፈታ ሰውዬ አያቱን ይገድልበታል። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ያሠለጥነዋል፤ ሁለቱ አንዲት ጉርሻ ላይ በቾፕስቲክ ሲታገሉ ቪዲዮ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ነበር። የፊልሙን ስም የሚያውቅ አለ? ከስሙ በላይ ደግሞ፣ የአያቱን ደም መለሰ ወይስ አልመለሰም?

የሳሪስ_ልጅ

አክተሩ ይሞታል እንዴ? ሃሃሃ። ወንድሜ ያን ሁሉ ዓመት በዚህ ተጨንቀህ ነው?

ከጓንግዡ

አገኘሁልህ። በእንግሊዝኛው ካሴት «ፊርለስ ሃይና» ይባላል፣ ደፋሩ ጅብ እንደማለት። የወጣው በ1979 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1971። ጃኪ ቻን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ዳይሬክት ያደረገው ፊልም ይሄ ነው። አያቱን የሚጫወተው ጄምስ ቲየን ነው፣ ከብሩስሊ ጋር ሲሠራ ያየኸው ሰውዬ። ገዳዩ ያም ሳይ ኩን ነው። የሬሳ ሳጥን ነጋዴው ዲን ሼክ፤ ያን ፊቱን እያጣመመ የሚያስቅ ቀጭን ሰው በዚያ ዘመን የሆንግ ኮንግ ኮሜዲ ውስጥ ደጋግመህ ታገኘዋለህ።

ፊልሙን ስትፈልግ ግን ጅብ አትጠብቅ፣ አንድም ጅብ የለም። የቻይንኛ ርዕሱ «ሺያው ቹዋን ጓይ ዣው» ነው፤ ቃል በቃል «የሳቅ ቡጢ፣ ያልተለመደ ስልት»። ለፈረንጅ ሲሸጥ የሚስቅ እንስሳ ሲፈለግ ጅብ የተገኘ ይመስለኛል። እኛ ጋ ጅብ ይጮኻል እንጂ አይስቅም፤ እዚህ ገበያ ውስጥ ያሉ ቻይናውያን ደንበኞቼም በእንግሊዝኛው ስም ስነግራቸው አንዱም አላወቀው። በቻይንኛው ስነግራቸው ግን ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሁሉ ፊቱ በራ።

ገረመኝ_እኔ

ስሙ ተገኘ፣ ደስ ይበለን። እኔ ግን ፊልሙን ባለፈው ዓመት እንደገና አይቼው ነበርና እውነቱን ልናገር፦ ሁለት ፊልም በአንድ ክር የተሰፋ ነው። የመጀመሪያው ሰዓት ቀልድ ብቻ ነው፦ ሸውራራ መስሎ ይጣላል፣ ቀሚስ ለብሶ ይጣላል። ከዚያ አያትየው በጭካኔ ይገደላሉ። ሐዘኑ ገና ትኩስ እያለ ተመልሶ የምግብ ንጥቂያ ቀልድ! ለቅሶ ቤት ገብቶ ቀልድ እንደሚያወራ ጎረቤት ነው የሆነብኝ። የበቀል ፊልም ከሆነ ይበቀል፣ ኮሜዲ ከሆነ ያስቀን። ብሩስሊ ለመምህሩ ሲበቀል ማን ሳቀ?

ጋሽ_ካሴት

እንደምን አላችሁ ልጆች። እኔ በእኛ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አሥር ዓመት ቪዲዮ ቤት ያስተዳደርኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ፊልም ስትጽፉ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኛ ይሄን ፊልም በስሙ ጠርተነው አናውቅም። ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ «ጃኪ ቻን የሬሳ ሳጥኑ» ብለን ነበር የምንጽፈው። «ጃኪ ቻን» የሚለውን ካላስቀደምክ ልጅ አይገባም። ካሴቱ ስንት ጊዜ እንደዞረ ልንገርህ አልችልም፤ ሴት የሚመስልበት ቦታ ላይ ልጆቹ «መልሰው! መልሰው!» እያሉ ዴኩን ወደኋላ ያስመልሱኝ ስለነበር ቴፑ እዚያች ቦታ ላይ ነጥቶ ነበር።

ገረመኝ፣ አንተ ላልከው ግን አንድ ነገር ልጨምር። መጨረሻው ላይ ልጁ እየተደባደበ ማልቀስ ይጀምራል። አይኑን ይጠርጋል፣ ይንሰቀሰቃል፣ በዚያው ይመታል። እኔ ከኋላ በሩ ላይ ቆሜ ስንቴ አይቻለሁ፦ ያ ሁሉ የሚያጨበጭብ፣ የሚያፏጭ ልጅ መጀመሪያ ጸጥ ይላል። ይሳቅ ወይስ አይሳቅ አያውቅም። ከፊት አግዳሚው ላይ አንዱ ፍርፍር ሲል ነው ሌላው የሚከተለው። ብሩስሊ ሳሳይ እንዲህ ያለ ጸጥታ አልነበረም፤ ከጥንቱ እስከ መጨረሻው እሪታ ነው።

መብራት_ሄደ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በእርስዎ መጻፍ በጣም ደስ አለኝ። ማልቀስ? የማላውቀው ክፍል ያ ነዋ! ለምንድነው የሚያለቅሰው?

ጋሽ_ካሴት

አንተ በለኝ ልጄ፣ እዚህ መድረክ ላይ እርስዎ እያላችሁ አታስረጁኝ። ለምን እንደሚያለቅስ የጓንግዡው ይንገርህ።

ከጓንግዡ

ስልቱ ነው። ሽማግሌው የሚያስተምሩት አራት ስሜት ላይ የቆመ ኩንግፉ ነው። ቻይናውያን «ሺ፣ ኑ፣ አይ፣ ለ» ይላሉ፤ ደስታ፣ ቁጣ፣ ሐዘን፣ ፈንጠዝያ። በየቀኑ ንግግር ውስጥ ያለ አባባል ነው፣ የሰው ልጅ ስሜት በጠቅላላ ለማለት ይጠቀሙበታል። ፊልሙ ያን አባባል ወስዶ የድብድብ ስልት አደረገው። ሲስቅ ይመታል፣ ሲያለቅስ ይመታል፣ ጠላትየው ምን እየመጣበት እንደሆነ ማንበብ ያቅተዋል።

ሜሪ_ሲልቨር_ስፕሪንግ

ይሄን ክር አንብቤ ትናንት ማታ ከ11 ዓመት ልጄ ጋር ተቀምጬ አየሁት። ገረመኝ፣ እኔ ባንተ አልስማማም። በደንብ ልጻፍ፣ ታገሱኝ።

ሁላችሁም ታፔላውን ዘላችሁታል። አያትየው ለልጁ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያስተማርኩህን ኩንግፉ ሰው ፊት እንዳታሳይ። ተደብቀው የሚኖሩ ሰው ናቸው፣ የሚፈልጋቸው ደመኛ አለ። ልጁ ግን ገንዘብ ያምረዋል። እዚያ የውሸት የኩንግፉ ትምህርት ቤት ውስጥ ይገባል፣ ሌሎች መምህራንን እየመታ ስም ያወጣለታል፣ ቤቱንም በአያቱ ወገን ስም «ሲንግዪ» ብሎ ይሰይመዋል፣ ታፔላው ላይ ይወጣል። ገዳዩ ዱካውን ያገኘው በዚያ ነው! እኔ ስስቅበት የነበረው ቀሚስ፣ ሸውራራው ሁሉ፣ እያንዳንዱ ቀልድ ደመኛውን ወደ አያትየው ጎጆ አንድ እርምጃ ሲያስጠጋ ነበር። ልጄ ሪሞቱን ይዞ «እማ፣ እሱ ነዋ ያስገደላቸው» አለኝ። ዝም አልኩ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሰዓት ቀልድ ለብቻው የተንጠለጠለ አይደለም። ሐዘኑ የመጣው ከሳቁ ነው።

ሁለተኛው ነገር፦ አያትየው ሲገደሉ ልጁ ዘሎ ሊገባ ሲል ሽማግሌው አንቀው ይይዙታል። ዓይኑ እያየ ነው። በዚያ ሰዓት ያለው ቁጣ ብቻ ነው፣ በቁጣ ብቻ ቢገባ ደግሞ በአንድ ሬሳ ፋንታ ሁለት ይሆን ነበር። የጓንግዡ ወንድማችን የቆጠረልንን እዩት፦ ከአራቱ ቁጣ አንዱ ብቻ ነው። ሦስቱን ደግሞ ሽማግሌው ከባዶ ሊያመጡለት ነው። የተሰበረ ልጅ እንደገና እንዲስቅ ማስተማር! ያቺ የቾፕስቲክ ጨዋታ ለእኔ የቀልድ ማስገቢያ አልሆነችብኝም። አንድ ሰው ካለቀሰ በኋላ እህል አልበላ ሲል አክስቶቻችን እያባበሉ፣ እየቀለዱ፣ በግድ እንደሚያጎርሱት ነው ያየኋት። የኛም ለቅሶ ቤት ሦስተኛው ቀን ላይ ካርታ ይጫወታል፣ ይሳቃል። ማን ነው አይሳቅም ያለህ?

የሳሪስ_ልጅ

ሜሪ ዘጋሽው።

ገረመኝ_እኔ

የታፔላውን ነገር ተቀብያለሁ፣ ጥሩ አይተሻል። ግን አንቺ ያየሽውን ፊልሙ አስቦበታል ወይ ነው ጥያቄዬ። ልጁ አንድም ቀን «እኔ ነኝ ያስገደልኳቸው» ብሎ አይቀመጥም። ሥልጠና፣ ድብድብ፣ አለቀ። ዳይሬክተሩ የ24 ዓመት ልጅ ነበር፣ የመጀመሪያ ሥራው ነው። ያገኘውን ቀልድ ሁሉ ጨመረበት ብል አልተሳሳትኩም።

ማስተር_ዳኒ

እኔ የዉሹ፣ ማለት የቻይና ማርሻል አርት፣ አሠልጣኝ ነኝ። ከሙያዬ አንጻር ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ «የስሜት ኩንግፉ» የሚባል ትምህርት ቤት የለም፤ ለፊልሙ የተፈጠረ ነው። ሲንግዪ ግን እውነተኛ ስልት ነው፣ ከሻንሺ አካባቢ የወጣ። አምስት መሠረታዊ ቡጢ አለው፦ የሚሰነጥቅ፣ የሚሰረስር፣ የሚደረምስ፣ የሚፈነዳ፣ የሚያቋርጥ። አካሄዱ ቀጥታ ነው፣ ወደ ፊት ገብቶ መጨረስ። በፊልሙ ውስጥ ከዚያ አንዱንም አታይም። ስሙን ብቻ ነው የተዋሱት። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ይመጣና «ያን የሚስቀውን አስተምረኝ» ይለኛል። ሦስት ወር የፈረስ አቋቋም ላይ፣ እግሩን ከፍቶ ጉልበቱን አጥፎ፣ ስታስቆመው ሳቁ ይጠፋል፣ ልቅሶው ብቻ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ያ ሁሉ ከየት መጣ ካላችሁ ከቲያትር ነው። ጃኪ በልጅነቱ ሆንግ ኮንግ ውስጥ በመምህር ዩ ጂም ዩን ሥር የፔኪንግ ኦፔራ ትምህርት ቤት ገብቶ አሥር ዓመት ያህል እዚያው አድሯል። እዚያ ልጅ መዝፈንም፣ ማውራትም፣ መገልበጥም፣ በጦር መጫወትም በአንድ ላይ ይማራል። ወንድ ልጅ የሴት ገጸ ባሕርይ መጫወት በዚያ ቤት የቆየ ሙያ ነው። እኛ ቀሚሱን አይተን እንስቃለን፤ እሱ ግን እጁን እንዴት እንደሚያጥፍ፣ አንገቱን እንዴት እንደሚሰብር ልብ ብላችሁ እዩ፤ የተማረው ነው። ማልቀሱም እንደዚያው። በኦፔራ ሐዘን በእጅጌ፣ በትከሻ፣ በእርምጃ ይታያል። እሱ እጅጌውን ወደ አይኑ ሲያነሳ ክንዱ ቀድሞውኑ ለመከላከል ተነስቷል ማለት ነው። እንባውን ሲጠርግ ክርኑ አገጭ ላይ ያርፋል። ይሄን አዘግይታችሁ እዩልኝ።

ካሜራውንም እዩ። ሩቅ ይቆማል፣ ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር ያሳያል፣ ሳይቆረጥ ብዙ ምት ይሄዳል። የዛሬ ፊልም በየሰከንዱ ይቆርጥና ማን ማንን እንደመታ አታውቅም።

የደብረ_ማርቆሱ

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ እነዚህ ሰዎች ሽማግሌ የላቸውም ወይ ነው። እኛ አገር ደም ሲፈስ ደም አድራቂ ይገባል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ገዳይ ወገን አንገቱን ደፍቶ ይቀርባል፣ ከብት ይታረዳል። አያቴ እንዲህ ያለ እርቅ ላይ ሦስት ጊዜ ተቀምጧል፣ አንዱ ሁለት ዓመት ፈጅቷል። ቻይና ፊልም ላይ ግን ሽማግሌ የሚመጣው ለማስታረቅ ሳይሆን ልጁን ለመግደል ለማሠልጠን ነው!

ከጓንግዡ

ሃሃሃ፣ ሽማግሌ ቢላክ ፊልሙ አሥር ደቂቃ ይሆን ነበር። የፊልሙ ገዳይ ግን ለካሳ የሚቀርብ ዓይነት ጎረቤት አይደለም፤ ያን ወገን አንድ በአንድ እያሳደደ የሚጨርስ ሰው ነው። ከእሱ ጋር ማን ይቀመጣል?

ዩን_ቢያው_ነፍሴ

ገረመኝ ለሚያቀርበው ክስ መልሱ ሌላ ፊልም ውስጥ ነው። በዚያው በ1979 ሳሞ ሁንግ ዳይሬክት ያደረገው «ኖክአባውት» አለ። ሳሞ የጃኪ የትምህርት ቤት ታላቅ ነው፣ ያው የመምህር ዩ ተማሪ። ዩን ቢያውም የዚያው ቤት ልጅ ሲሆን መሪ ተዋናይ ሆኖ የወጣው በዚህ ፊልም ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሁለት ወንድማማች ቀጣፊዎች አንድ ሽማግሌ ሊያጭበረብሩ ይሞክሩና ይመታቸዋል፤ ተደንቀው ተማሪዎቹ ይሆናሉ። ላው ካር ዊንግ ነው መምህሩን የሚጫወተው። በኋላ መምህራቸው ነፍሰ ገዳይ መሆኑን ያያሉ። ታላቁ ወንድም ይሞታል፣ ታናሹ ያመልጣል፣ ከዚያ ከአንድ ወፍራም ለማኝ የዝንጀሮ ስልት ይማራል። ለማኙ ሳሞ ራሱ ነው። በገመድ ዝላይ የሚሠለጥንበትን ቦታ ያየ ሰው እድሜ ልኩን አይረሳም።

እዚህ የሚበቀለው ያስተማረውን ሰው ነው። የሚመታው ቡጢ ሁሉ ከዚያው ሰው የተማረው ስለሆነ አይሠራበትም፣ ሰውየው ሁሉንም ያውቀዋል። ስለዚህ ነው ዝንጀሮ መሆን ያለበት። ቀልዱና በቀሉ እዚህ ተጋብተዋል፤ ፊርለስ ሃይና ላይ ገና እየተጫጩ ነው።

ሜሪ_ሲልቨር_ስፕሪንግ

«ገና እየተጫጩ ነው» ሃሃሃ። እሺ፣ ቅዳሜ እሱን እናያለን። ልጄ አሁን ሁለት እስክሪብቶ ይዞ ፓስታ ከሳህኔ ላይ እየሰረቀኝ ነው፣ ለዚህ ማንን ልክሰስ?

ከጓንግዡ

ገረመኝ ብሩስሊን ስላነሳ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ብሩስሊ ለመምህሩ የተበቀለበትን የ1972ቱን «ፊስት ኦፍ ፊዩሪ» ዳይሬክት ያደረገው ሎ ዌይ ነው። መጨረሻው ላይ አክተሩ ወደተደገነ ጠመንጃ ዘሎ ይሞታል፤ የሳሪስ ልጅ፣ አክተር አይሞትም ላልከው። ጃኪም እዚያ ፊልም ውስጥ ነበረ፣ እንደ ስታንት።

ብሩስሊ በ1973 ሲሞት ሎ ዌይ ጃኪን ሁለተኛ ብሩስሊ ሊያደርገው ሞከረ። በ1976 የዚያንኑ ፊልም ተከታይ አሠራው። የቻይንኛ ስሙንም «ሲንግ ሉንግ» አሉት፣ ዘንዶ የሆነ እንደማለት፤ የብሩስሊ ደግሞ ትንሹ ዘንዶ ነበር። ፊቱ የማይፈታ፣ ቁጡ፣ ለደም የተጠማ ልጅ። አልሸጠም! በ1978 ለሌላ ፕሮዲውሰር በውሰት ተሰጥቶ ሁለት ፊልም ሠራ፣ ሁለቱም ዩን ዎ ፒንግ ዳይሬክት ያደረጋቸው፣ ሁለቱም ኮሜዲ። ሆንግ ኮንግ ወደደው። ከዚያ ወደ ሎ ዌይ ውል ተመልሶ በ1979 ይሄን ሲሠራ ከ5 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ አስገባ።

አሁን ፊልሙን እዩት። የልጁ ስም ሉንግ ነው። በቁጣ ብቻ አትገባም ተብሎ ይያዛል፣ እየሳቀ እንዲዋጋ ይማራል። ጃኪ ስለራሱ የጻፈው ነው ብዬ መማል አልችልም፣ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ሎ ዌይን ነው የማስበው።

ገረመኝ_እኔ

ይሄኛው አሳመነኝ። ቢያንስ ግማሹን።

ጋሽ_ካሴት

ሎ ዌይን ስታነሳ ሌላ ትዝ አለኝ። የዚህ ፊልም ክፍል ሁለት አለ፣ በፈረንጅ 1983 ላይ የወጣ። ካሴቱን መርካቶ አግኝቼ በደስታ ሰሌዳው ላይ «ክፍል 2 — አዲስ» ብዬ ጻፍኩ። ቤቱ ሞላ፣ መስኮት ላይ የተንጠለጠለም ነበረ። ገና ግማሽ ሳይደርስ ከፊት አንድ ትንሽ ልጅ ተነስቶ «ይሄ ጃኪ አይደለም!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «ይሄን አይተነዋል!» አለ። እኔ ዝም በሉ ብዬ አለንጋ አነሳሁ። እውነታቸውን ነበር። ጃኪ ኩባንያ ቀይሮ ሲሄድባቸው የቀረውን ትርፍራፊ ፊልም ቀጣጥለው፣ ጀርባው የሚመስል ሰው ቀጥረው ነው የሠሩት። ይሄን ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እነዚያ ልጆች ግን አሥር አሥር ዓመታቸው ሆኖ በአረማመዱ ለዩት። ያን ቀን ገንዘብ መልሻለሁ።

ማስተር_ዳኒ

አረማመድ መለየት የጀመረ ልጅ ግማሽ ሠልጣኝ ነው። ጋሼ ላኩልኝ እነዚያን ልጆች።

መብራት_ሄደ

እሁድ ማታ አየሁት። ከጥንት እስከ መጨረሻ።

ሦስቱን ባለመሣሪያ ጀሌዎች ሲጥል እንደ ልጅነቴ ልቤ መታ። ከዚያ ከዋናው ሰውዬ ጋር ገጠመ። በኩንግፉ ብቻ አልሆነለትም፣ ሰውየው እንደ ግድግዳ ነው። ከዚያ ማልቀሱ መጣ። ባለቤቴ አጠገቤ ሆና ትስቃለች፣ እኔ አልሳቅኩም። ወደ እኔ ዞር ብላ «አንተ ኮሜዲ ነው ብለኸኝ አልነበር?» አለችኝ። ሳቅ መጫወት ሲጀምር ግን ሁለታችንም አብረን ሳቅን፤ የሰውየው ግራ መጋባት! ያም ሳይ ኩን ፊቱን አንዴም ሳያፍታታ እንዴት እንደሚደናገር እዩ፣ ለእኔ የፊልሙ ምርጥ ተዋናይ እሱ ነው።

ደሙን መልሷል። ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። መብራት ሲሄድ ቲኬቱን ለነገ አናሳልፍም፣ ገንዘብም አንመልስም የሚሉት እርስዎ፣ ይቅርታ፣ አንተ ነበርክ?

ጋሽ_ካሴት

በሩ ላይ ለጥፌው ነበር። «በመብራት ምክንያት ለሚቋረጥ ተጠያቂ አይደለንም።» የየት ሰፈር ልጅ ነበርክ?

መብራት_ሄደ

ከወፍጮ ቤቱ ጎን። በሩ ሰማያዊ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ጥቁር መጋረጃ፣ ከፊት ሁለት እግሩ የተሰበረ አግዳሚ በድንጋይ የተደገፈ።

ጋሽ_ካሴት

የኔ አረንጓዴ ነበር። ተመስገን።

የሳሪስ_ልጅ

አግዳሚውስ?

ጋሽ_ካሴት

አግዳሚው የሁላችንም በድንጋይ ነበር።